የሦስት ዓመት ልጅ ላለበት ቤት የትኛው ትንሽ ውሻ ይሻላል?

ጥያቄ፦ «ሰላም ዶክተር። የምንኖረው አዲስ አበባ፣ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። የ3 ዓመት ወንድ ልጅና የ7 ዓመት ሴት ልጅ አሉን። ልጅቷ ውሻ ግዙልኝ ብላ አላስቀምጥ አላስተኛ ብላናለች። ለልጆቹ ስለምንሰጋ በተቻለ መጠን በጣም ትንሹን ዝርያ ልንገዛ አስበናል። ቴሌግራም ላይ ቺዋዋ፣ ፖሜራኒያንና ፑድል አይተናል። እናቴ አብራን ነው የምትኖረው፤ ውሻ ቤት ውስጥ መግባቱን አትወደውም። ትንሹ ልጄ ደግሞ አንዳንዴ ሳል ይነሳበታል። የትኛውን ይመክሩናል? ለልጅቷ ልደት ልናደርሰው ነበር።»

ሰላም ለእርስዎም፣ ለቤተሰብዎም።

ዋናውን መልስ ላስቀድም። ቺዋዋውንና ፖሜራኒያኑን ይተዉ። ፑድል ይሆናል፤ ግን በጣም ትንሹ ዓይነት ሳይሆን ሚኒየቸር የሚባለው። ልቤ የሚያደላው ግን ወደ ሌላ ነው፤ ዕድሜው ከአንድ ዓመት ተኩል ያለፈ፣ ጠባዩ የታወቀ፣ ክብደቱ ከ6 እስከ 10 ኪሎ የሆነ ውሻ። ዝርያው ቅልቅል ቢሆን ግድ የለኝም።

ትንንሽ ልጆች ያሏቸው ወላጆች ብዙዎቹ የሚያስቡት እንደ እርስዎ ነው። ልጁ ትንሽ ነው፣ ውሻውም ትንሽ ይሁን፤ ባነሰ ቁጥር አደጋውም ያንሳል። ሲሰሙት ትክክል ይመስላል። ክሊኒክ ውስጥ የምናየው ግን ሌላ ነው። ከ3 ኪሎ በታች የሆነ ውሻ የሦስት ዓመት ልጅ ያለበት ቤት ሲገባ መጀመሪያ የሚጎዳው ውሻው ነው። ቀጥሎ ልጁ።

ቺዋዋን እንውሰድ። አድጎ ጨርሶ ቢበዛ 2.7 ኪሎ ቢሆን ነው። ብዙ ቺዋዋዎች አናታቸው ላይ አጥንቱ ያልገጠመ ስስ ቦታ አላቸው፤ እርግብግቢት መሆኑ ነው። የሕፃን ልጅ እርግብግቢት በጊዜው ይዘጋል፤ የአንዳንድ ቺዋዋ ግን ዕድሜ ልኩን ክፍት ሆኖ ይቀራል። ልጅዎ የሚወረውረው የፕላስቲክ መኪና እዚያ ላይ ቢያርፍ ምን እንደሚሆን ያስቡት። የፊት እግሮቹ አጥንት ደግሞ ከእርሳስ ብዙም አይወፍርም። ከሶፋ ዘሎ ሲወርድ ወይም ከልጅ እቅፍ ሲሾልክ ቀጭ ይላል። በእነዚህ ትንንሽ ዝርያዎች ላይ ያ አጥንት በቂ ደም ስለማያገኝ ቶሎ አይገጥምም። ጀሶ ብቻውን ብዙ ጊዜ አይበቃውም፤ ብረት ማስገባት ይጠይቃል። ያን ቀዶ ሕክምና ሁሉም ክሊኒክ አይሠራውም፣ የሚሠራውም በርካሽ አይሠራውም።

ፖሜራኒያንም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ክብደቱ ከ1.4 እስከ 3.2 ኪሎ ነው፤ ፎቶ ላይ የሚያዩት ድቡልቡል አካል አብዛኛው ፀጉር ነው። የማልቲዝና የዮርክሻየር ቴሪየር ጉዳይም ያው ነው። የእነዚህ ሁሉ ቡችላዎች ሌላም ጣጣ አለባቸው። ምግብ ለጥቂት ሰዓታት ከዘገየባቸው የደማቸው ስኳር ይወርድና ይንቀጠቀጣሉ፣ ይዝላሉ፣ አንዳንዴም ራሳቸውን ይስታሉ። በመጀመሪያዎቹ ወራት በቀን አራት ጊዜ መብላት አለባቸው። እናትና አባት ሥራ በዋሉበት ቤት ይህን የሚያደርገው ማነው? ወደዚህ ጥያቄ እመለስበታለሁ፤ ምክንያቱም መልሱ እናትዎ ናቸው።

ልጁስ እንዴት ይጎዳል? ውሻ ሲፈራ ወይ ይሸሻል ወይ ይናከሳል። ልጅ አንቆ ያቀፈው ትንሽ ውሻ መሸሽ አይችልም፤ የቀረው ጥርሱ ነው። እኛ ትልልቆቹ ደግሞ የትንሽ ውሻን ማስጠንቀቂያ ከቁብ አንቆጥረውም። ጀርመን ሼፐርድ ልጅ ላይ ቢያጉረመርም ቤቱ ይናወጣል። ቺዋዋ ሲያጉረመርም ግን ይሳቃል፤ ስልክ ይወጣል፣ ቪዲዮ ይቀረጻል፣ ቲክቶክ ላይ ይለቀቃል። ውሻው ማጉረምረም እንደማያዋጣ ሲገባው ሳያጉረመርም መንከስ ይጀምራል። ልጁ አጭር ስለሆነ ፊቱ የውሻው አፍ አጠገብ ነው። ትንንሽ ልጆች አብዛኛውን ጊዜ ፊታቸውና ጭንቅላታቸው ላይ የሚነከሱት ለዚህ ነው።

ስለዚህ ትንሽ ሲሉ የሚፈልጉት ኮንዶሚኒየም የሚበቃው፣ ነገር ግን ልጅ ቢወድቅበት የማይሰበር ውሻ ነው። ከ5 እስከ 10 ኪሎ ባለው ውስጥ እንፈልግ።

ሚኒየቸር ፑድል ትከሻው ላይ ሲለካ ከ25 እስከ 38 ሳንቲ ሜትር ቁመት፣ ከ4.5 እስከ 7 ኪሎ ክብደት አለው። ብዙ ሰው ፑድልን የሳሎን ጌጥ ያደርገዋል። የዘር ሐረጉ ግን ከአዳኝ ጋር ውሃ ውስጥ እየገባ የተመታ ዳክዬ ሲያወጣ የኖረ ሠራተኛ ውሻ ነው። ብልህ ነው፤ ቶሎ ይማራል፤ የሰባት ዓመት ልጅ እንኳ «ተቀመጥ» የሚለውን በጥቂት ቀን ልታስተምረው ትችላለች። ፀጉሩ ብዙም አይረግፍም። የማይረግፍ ፀጉር ግን ያድጋል፤ ካላበጠሩት ከጆሮው ሥርና ከብብቱ ይቋጠራል፣ ቆዳውን ይስበዋል፣ ከሥሩም ይቆስላል። በየስድስት ሳምንቱ ገደማ መቆረጥ አለበት። የክረምቱን ጭቃ ሲያስቡ ደግሞ አጭር አድርጎ መላጨቱ ይሻላል። አያምርም የሚል ካለ እሱ ያጥበው።

ሺህ ትዙ ጠባዩ ለልጅ የተሠራ ይመስላል። ረጋ ያለ ነው፣ ክብደቱም ከ4 እስከ 7 ኪሎ ነው። የምሰጋው ለዓይኑ ነው። ዓይኑ ወደ ውጭ የወጣ፣ ጉድጓዱም ጥልቀት የሌለው ስለሆነ የልጅ ጣት ወይም እስክሪብቶ በቀላሉ ያገኘዋል። ጭንቅላቱ ላይ ጠንከር ያለ ምት ካረፈበት ዓይኑ ከጉድጓዱ ሊወጣ ይችላል። ታናሹ ልጅዎ አምስት ዓመት ሲሞላው ቢሆን ኖሮ ሺህ ትዙን ከፑድል እኩል አስቀምጠው ነበር።

ካቫሊየር ኪንግ ቻርልስ የሚባለውን በጠባዩ ብቻ ብመርጥ አንደኛ ነው። ከሕፃን ጋር እንዲህ የሚስማማ ውሻ ጥቂት ነው። ጤናው ግን ያሳዝናል። አብዛኞቹ ዕድሜያቸው እየገፋ ሲሄድ የልብ ቫልቭ በሽታ ይይዛቸዋል፤ አንዳንዶቹ የራስ ቅላቸው ለአንጎላቸው ስለሚጠብ በሕመም ይኖራሉ። እ.ኤ.አ. በ2022 የኦስሎ ፍርድ ቤት በኖርዌይ ይህን ዝርያ ማራባት የእንስሳት ጥበቃ ሕጉን ይጥሳል ብሎ እስከ መፍረድ ደርሷል። ከውጭ ለማስመጣት ያሰበ ዘመድ ካለዎት ይህን ይንገሩት።

ፊተ ጨፍላቃዎቹን፣ ፐግንና ፍሬንች ቡልዶግን፣ አሁን አሁን ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። ልጆችን ይችላሉ፣ አካላቸውም ጠንካራ ነው። ችግሩ አየር ነው። አፍንጫቸው የጠበበ፣ የላንቃቸው ሥጋ የረዘመ በመሆኑ ተኝተውም ያንኮራፋሉ፣ ትንሽ ሮጠውም ያለከልካሉ። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ለጤነኛም ስስ ነው። ሦስት ፎቅ ደረጃ ሲጨመርበት ይታይዎት። አዳማ ወይም ድሬዳዋ ለሚኖር ደግሞ ሙቀቱ ብቻውን ሊገድላቸው ይችላል።

ዳችሹንድን በአንድ ቃል ልለፈው፤ ደረጃ። ረጅም ጀርባ፣ አጭር እግር፤ ከአራት ወይም ከአምስቱ አንዱ በሕይወት ዘመኑ የጀርባ ዲስክ ችግር ይገጥመዋል። አሳንሰር የሌለው ሕንፃ የእሱ ቦታ አይደለም። ጃክ ራስልም እንግሊዝ አገር ቀበሮ ከጉድጓድ እንዲያስወጣ የተራባ ስለሆነ ሰፊ ግቢና የሚያሯሩጠው ጎረምሳ ይፈልጋል፤ እናንተ ዘንድ ሁለቱም የሉም። ሚኒየቸር ሽናውዘር ጎበዝ የቤት ውሻ ነው፣ ከ5.4 እስከ 9 ኪሎ፣ ጠንካራ፣ ልጅ የሚወድ። ግን ይጮኻል። የኮንዶሚኒየም ደረጃ ድምፅ እንዴት እንደሚያስተጋባ እኔ አልነግርዎትም።

አሁን ወደ ቅልቅሉ ልምጣ። እዚህ ከተማ ውስጥ ፑድል፣ ስፒትዝ፣ ማልቲዝ ተብለው የሚሸጡት ብዙዎቹ ከሀበሻ ውሻ ጋር የተደባለቁ ናቸው። ሻጩ ይህን ይደብቃል፤ እኔ ግን ባገኘው ደስ ይለኛል። አንድን ዝርያ ብቻ እያጣበቡ ማራባት የሚያመጣው በሽታ እነሱ ላይ ይቀንሳል። አጥንታቸው ጠንካራ ነው፣ ምግብ አይመርጡም፣ ብርዱንም ይችሉታል። የንጹሕ ዝርያ ዋጋ መክፈል ብቻ አያስፈልግም። ቡችላ ሲሆን ግን አድጎ ምን ያህል እንደሚሆን መገመት ከባድ ነው፤ ስድስት ኪሎ ይሆናል የተባለው አሥራ ስምንት ሆኖ ሊያርፍ ይችላል። ያደገ ውሻ ይሻላል የምለው በዚህም ምክንያት ነው። ክብደቱን ያዩታል፣ ጠባዩን ያዩታል፣ መጸዳዳት ተምሮ ይሆናል፣ ማታ ማታ አያለቅስም። ከአገር የሚወጡ ሰዎች ውሻቸውን የሚረከብላቸው ሲፈልጉ ብዙ ጊዜ ያጋጥማል። ጠይቁ፣ የምታውቁትን የእንስሳት ሐኪም ጠይቁ። እኛ ጋ የማይመጣ ወሬ የለም። ከልጆች ጋር የኖረ ከሆነ ደግሞ ዓይንዎን አይሹ።

የልጅዎን ሳል በተመለከተ፣ አለርጂ የማያስነሳ ውሻ የሚባል ነገር የለም። የሻጭ ወሬ ነው። አለርጂ የሚያስነሳው ነገር ያለው በምራቁ፣ ከቆዳው በሚረግፈው ፎረፎርና በሽንቱ ውስጥ ነው። ፀጉሩ የማይረግፍ ውሻ ቤቱን ንጹሕ ያደርገው ይሆናል፤ ልጁን ግን ዋስትና አይሰጠውም። መጀመሪያ ሳሉን ለሕፃናት ሐኪም ያሳዩት። አስም ከሆነ ውሳኔው የሐኪሙም ነው። ከዚያ ውሻ ያለበት ዘመድ ቤት ልጁን ደጋግመው ይውሰዱት፣ ምንጣፉ ላይ ይጫወት። በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ ካሳለው፣ ዓይኑ ከቀላ፣ ካስነጠሰው፣ ገንዘብዎን ሳያወጡ መልሱን አገኙ ማለት ነው።

ቡችላ ካልሆነ አንወስድም ካላችሁ ግን ግዢው ላይ ዓይናችሁን ክፈቱ። መንገድ ዳር በካርቶን ወይም በጃኬት ውስጥ የተያዘ ቡችላ አይግዙ። ቴሌግራም ላይም ከሆነ «ቦታው ድረስ አመጣልሃለሁ» የሚል ሻጭን ይለፉት፤ እርስዎ ይሂዱ። እናትየዋን ካላዩ አይግዙ። ልጅ ስትቀርባት የምትደነግጥ ወይም ጥርሷን የምታገጥ እናት ካለች ቡችላው ምንም ቢያምር ይመለሱ፤ ፍርሃት በዘርም በአስተዳደግም ይተላለፋል። ቡችላ ከእናቱ መለየት ያለበት ቢያንስ ስምንት ሳምንት ሲሞላው ነው። ከወንድሞቹ ጋር ሲናከስ ነው ንክሻ ምን ያህል እንደሚያም የሚማረው። ሻጮች ግን በአምስት ሳምንቱ ያወጡትና «ሦስት ወር ሆኖታል» ይላሉ። አፉን ይክፈቱ። የስምንት ሳምንት ቡችላ 28ቱም የወተት ጥርሶቹ ወጥተው ያለቁ ናቸው። የፊቶቹ ብቻ ብቅ ብቅ ካሉና የኋላው ድድ ባዶ ከሆነ ሕፃን ነው የሸጡልዎት።

ሆዱ እንደ ከበሮ የተነፋ ከሆነ ጠግቦ አይደለም፣ ወስፋት ነው። ጥግ ይዞ የሚንቀጠቀጠውን ደግሞ «አሳዘነኝ» ብለው እንዳይወስዱት። ይህን ስል ጨካኝ ሊመስልዎት ይችላል። ለሌላ ቤት ጥሩ ውሻ ሊወጣው ይችላል፤ የሦስት ዓመት ልጅ ላለበት ቤት ግን አይሆንም። ራሱ ወደ እናንተ የሚመጣውን፣ ጀርባው ላይ ሲያስተኙት ትንሽ ተንፈራግጦ የሚረጋውን ይምረጡ።

የክትባት ካርድ ሲያሳዩዎት ቀኑንና ማህተሙን ብቻ አይዩ። ከክትባቱ ብልቃጥ ላይ ተልጦ የሚለጠፍ ወረቀት አለ፤ እሱ ከሌለ ካርዱን ባዶ ነው ብለው ይቁጠሩት። የፓርቮና የዲስቴምፐር (ቡችላ የሚገድሉ ሁለት የቫይረስ በሽታዎች) ክትባት ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ባለው ይጀመርና አሥራ ስድስት ሳምንት እስኪሞላው በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ ይደገማል። እስኪጨርስ ድረስ የሕንፃው ደረጃና የጋራ ግቢ ላይ አያስኪዱት፣ አቅፈው ያሻግሩት። የፓርቮ ቫይረስ መሬት ላይ ለወራት ይቆያል።

የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ሦስት ወር ሲሞላው ይሰጣል፣ ከዚያ በየዓመቱ። በሽታው በአገራችን ዛሬም ሰው እየገደለ ነው፤ ምልክቱ ከታየ በኋላ ደግሞ ማዳኛ የለውም ማለት ይቻላል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ላይ ለዚህ በሽታ ከሚጋለጡት ሰዎች ከመቶ አርባ የሚሆኑት ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው። «ቡችላ ነው፣ ምን ይዞ ይመጣል» የሚሉ አሉ። ቡችላም ይይዘዋል፤ መንገድ ዳር የተገዛ ቡችላ ከእብድ ውሻ ተነክሶ እንደሆነ ማንም አያውቅም። ስለዚህ ልጅ ከተነከሰ ወይም ከተቧጨረ፣ ጭረቱ ቀላል ቢሆንም፣ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚወርድ ውሃ ለ15 ደቂቃ እጠቡት። ሰዓት እያያችሁ እጠቡ፣ 15 ደቂቃ ሲጠበቅ ረጅም ነው። ቡና፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ምንም ነገር አትነስንሱበት። ከዚያ በቀጥታ ጤና ጣቢያ። ውሻውን አትግደሉት፣ አትጣሉትም፤ አስራችሁ አሥር ቀን ይታይ። አሥር ቀን ጤነኛ ሆኖ ከቆየ ሲነክስ በምራቁ ውስጥ ቫይረሱ አልነበረም ማለት ነው። የልጁን መርፌ ለመጀመር ግን አሥር ቀን አይጠበቅም፤ ሐኪሙ የሚለውን ስሙ። ወላጆች መርፌውን ሲፈሩ አያለሁ። በአእምሯቸው ያለው ድሮ «ፓስተር» ሄደው ሆዳቸው ላይ ተደጋግሞ የሚወጉት ነው። ዘመናዊው ክትባት ግን የሚሰጠው ክንድ ላይ ነው፣ ለሕፃን ደግሞ ጭን ላይ፤ ቁጥሩም ጥቂት ነው።

ትሉም አለ። ቡችላ ከእናቱ ወስፋት ይዞ ይወለዳል። እንቁላሉ በሰገራ ይወጣል፣ ምንጣፍና አፈር ላይ ይቀራል፣ ልጅ ጣቱን ሲልስ ይገባል። ለቡችላው የትል መድኃኒት በየሁለት ሳምንቱ ሦስት ወር እስኪሞላው፣ ከዚያ በየወሩ ስድስት ወር እስኪሆነው፣ ከዚያ በየሦስት ወሩ ይሰጠዋል። ከዚህ የሚከፋው በበዓል ጊዜ የሚመጣው ነው። ለፋሲካ ወይም ለአረፋ በግ ሲታረድ ጉበት ወይም ሳንባ ላይ ውሃ የቋጠረ ነገር ይታይና «ይሄ ለውሻ ነው» ተብሎ ይወረወራል። ያ የቋጠረው ነገር የአንድ ዓይነት ኮሶ ትል እጭ ነው። ውሻው ሲበላው በአንጀቱ ያድጋል፤ እንቁላሉ ወደ ልጁ ሲገባ ደግሞ በልጁ ጉበት ወይም ሳንባ ላይ ያንኑ የውሃ ቋት ይሠራል። ለዓመታት ሳይታወቅ ያድጋል፤ ብዙ ጊዜም የሚወጣው በቀዶ ሕክምና ነው። ለውሻዎ ጥሬ ሆድ ዕቃ ፈጽሞ አይስጡ። የተበላሸውን ቅበሩት ወይም አቃጥሉት።

ምግብ ላይ ሌላ አንድ ነገር። የእኛ ቤት ትራፊ ለውሻ አይሆንም፤ ምክንያቱም ወጣችን ሽንኩርት ነው። ሽንኩርት፣ ቀይም ነጭም፣ ቢበስልም እንኳ፣ የውሻን ቀይ የደም ሴል ይሰብራል። በእያንዳንዱ የውሻው ኪሎ ክብደት ከ15 እስከ 30 ግራም ቀይ ሽንኩርት ለመመረዝ ይበቃል። ለ3 ኪሎ ውሻ ይህ ከአንድ መካከለኛ ሽንኩርት አይበልጥም፤ ለ8 ኪሎ ውሻ ደግሞ አንድ ወይም ሁለት ነው። ምልክቱ የሚታየው ከቀናት በኋላ ስለሆነ ማንም ከወጡ ጋር አያገናኘውም። የዶሮ ወጡ አጥንት ይሰነጠርና አንጀት ይወጋል። ዘቢብና ቸኮሌትም ይመርዙታል፣ ልጆች ደግሞ ለጋስ ናቸው። ደረቁ የውሻ ምግብ ከተወደደባችሁ ያለ ሽንኩርትና ያለ በርበሬ የተቀቀለ ሩዝ ከሥጋ ወይም ከእንቁላል ጋር፣ ትንሽ ካሮት ጨምራችሁ ስጡት፤ በዚህ ብቻ የሚያድር ከሆነ ግን የሚጎድለውን ሐኪሙ ያሟላላችሁ። በጾም ወራት ቤቱ ሥጋ ስለማይገባበት ለውሻው አስቀድሞ መታሰብ አለበት። ሽሮ እየበላ የሚጾም ውሻ ብዙ አይቻለሁ፤ ጽድቁ የባለቤቱ፣ ክሳቱ የውሻው።

እናትዎን ላንሳ። ውሻ ቤት አይገባም የሚሉት እናቶች ምክንያታቸው ሃይማኖትም ልማድም ንጽሕናም ሊሆን ይችላል፤ ተከራክሮ ማሸነፍ ደግሞ ምንም አያመጣም። ቀኑን ሙሉ ቤት የሚውሉት እሳቸው ናቸው። ውሻውን የሚያበሉት፣ ሲጮኽ የሚሰሙት፣ ሽንቱን የሚያዩት እሳቸው ወይም ሠራተኛችሁ ናቸው። ሁለቱ ካልፈቀዱ አታምጡት። ከፈቀዱ ድንበሩን እሳቸው ያስምሩ፤ መኝታ ቤታቸውና የጸሎት ቦታቸው፣ ወጥ ቤቱም፣ ለውሻው ዝግ ይሁን። በሩ ላይ ዝቅተኛ መከለያ አድርጉ። ውሻ ድንበር ሲኖረው አይከፋውም፣ ድንበሩ በየቀኑ ሲቀያየር ነው ግራ የሚገባው። በረንዳው ላይ ግን አስራችሁ አታኑሩት። በረንዳ ላይ ታስሮ የሚውል ትንሽ ውሻ ጯሂና ነካሽ ይሆናል፣ ክፍተት ካገኘም ይወድቃል። የሕንፃችሁን ኮሚቴም አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ልጆች ከለመዱት በኋላ «አውጡ» ከመባል ይሻላል።

ወንድ ወይስ ሴት ለሚለው እኔ ልዩነት አላይም፣ ሁለቱንም ካመከኑ። ያልመከነች ሴት በስድስት ወር ገደማ አንዴ ወንድ ትፈልጋለች፤ ያኔ የሰፈሩ ወንድ ውሻ ሁሉ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ይወጣል።

ልጆቹን በተመለከተ የሰባት ዓመቷ ኃላፊ አትሁን። የውሃውን ሳህን ጠዋት መሙላት የሷ ይሁን፣ ያ ይበቃታል። የሦስት ዓመቱን ከውሻው ጋር ብቻቸውን አትተዉዋቸው፣ ሽንት ቤት ደርሳችሁ እስክትመለሱ እንኳ። ሲበላና ሲተኛ አይነካም። ማቀፍ የለም፤ ልጁ መሬት ይቀመጥ፣ ውሻው ከፈለገ ይምጣ። ምልክቱን እናንተም ተማሩ። ውሻ እንቅልፍ ሳይመጣበት ካዛጋ፣ ምግብ ሳይኖር ከንፈሩን ከላሰ፣ ፊቱን ካዞረ፣ የዓይኑ ነጭ በጎን ከታየ፣ ጭንቅ ውስጥ ነው፤ ልጁን አንሱለት። ጭራውን ስለቆላ ደስ ብሎታል ማለት አይደለም፤ ገትሮ ከቆላ ተቃራኒው ነው። ሲያጉረመርም አትቆጡት። ማጉረምረሙን ብትቀጡት የቀረው መንከስ ነው።

ለልደቷ ማድረስ ያሉትን ይተዉት። ልደት ማለት ፊኛ፣ ሙዚቃ፣ የሚጮኹ ሃያ ልጆች ናቸው፤ እያንዳንዱም «እኔ ልያዘው» ይላል። ለልደቷ የአንገት ማሰሪያና የምግብ ሳህን ስጧት፣ ውሻውን አብራ ትምረጥ። ትንንሽ ዝርያዎች 12፣ 15 ዓመትም ይኖራሉ። ታናሹ ልጅዎ ማትሪክ ሲወስድ ይህ ውሻ ሊኖር ይችላልና ለአንድ ቀን ድግስ ብላችሁ አትቸኩሉ። ከተቻለ ልጁ አራት ዓመት እስኪሞላው ብትቆዩ እኔ እመርጣለሁ።

ስታመጡት ቅዳሜ ጠዋት ይሁን፣ እንግዳ የሌለበት፣ ሁለታችሁም እቤት ያላችሁበት። በዚያው ሳምንት ለምርመራ አምጡት። ለሽርሽር ስታወጡትም በአንገቱ ሳይሆን በደረት ማሰሪያ ያዙት፤ የትንንሽ ውሾች የአየር ቧንቧ ስስ ነው። ስትመጡ ካርዱን፣ ሲበላ የነበረውን ምግብ ስም፣ የዚያን ቀን ጠዋት ሰገራውንም በትንሽ ክዳን ባለው ዕቃ ያዙ። ልጅቷ ትያዘው ብትል እንኳ እርስዎ ይያዙት።